ከጤና አዳሙ ላይ በገዛ እጄ የለቀምኋቸው

እናታችን ባረፈች ጊዜ ማንም ሳይሾምዎ የእናትነትን ሸክም በትከሻዎ ላነሡ፣ የራስዎን ትምህርት አቋርጠው የእኔን ላስፈጸሙ፣ የአባታችንን ቤት ደጃፍ እስከ ዛሬ ሳይዘጉ ላቆዩ፣ ለታላቅ እኅቴ ለእትዬ አልማዝ፤ ሐረር።

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሰዎ እያልሁ፣ በአካል ብርቅም በመንፈስ ከፊትዎ ቆሜ፣ ጉልበትዎን ስሜ እጅ እነሣለሁ። ለመሆኑ ያ ጉልበትዎ ክረምቱን እንዴት አለፈው? የደረጃውን ድንጋይ አሁንም ያለ ምርኩዝ ይወጡታልን? ደም ግፊትዎስ? የሐኪሙን ትእዛዝ አክብረው ጨው ቀነሱ ወይስ እንደ ልማድዎ «እሱ ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል» ብለው አሰናበቱት? እኔ ከሳሌ በቀር በአካሌ ደህና ነኝ፤ የልቤን ግን እንደሚከተለው አጫውትዎታለሁ።

ስልክ ሳለ ወረቀት መያዜ ያስገርምዎ ይሆናል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ በስልክ ዋሽቻለሁና፣ የዋሸሁበትን ዕቃ ደግሜ ለኑዛዜ ላነሣው ተጸየፍሁ።

እንደሚያውቁት ባለቤቴ ጽጌሬዳ ለዓይኗ ሕክምና አዲስ አበባ፣ ከወንድሟ ከባህሩ ቤት ከገባች እነሆ ዐሥር ቀን ሆናት። አምና ሐኪሙ፣ ግላኮማ የሚሉት ሕመም የቀኝ ዓይኗን ብርሃን ጨርሶ እንደ ወሰደው፣ የግራውንም ቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቢያቆየው እንጂ እንደማይመልሰው በነገራት ዕለት ያለቀስሁት እኔ ነበርሁ፤ እርሷ ዶማ አንሥታ ወደ ጓሮ ገባች። ለአርባ ዓመት ጎመንና ቃሪያ የበቀለበትን መደብ ለሁለት ከፍላ፣ በአንዱ ወገን ቢራቢሮ የሚቀስመውን የወፍ ቆሎና ልዩ ልዩ አበባ ተከለች፤ ጥልቅ ውኃ አይሆንላቸውም ብላ በዝርግ ሳህን ላይ አሸዋና ጠጠር አልብሳ ጠዋት ጠዋት በውኃ ታርሰው ጀመር፤ በሌላው ወገን፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር፣ ከእርስዎ ግቢ ቆርጠው የሰጧትን ጤና አዳም ከአንድ እግር ወደ ስድስት አበዛችው። ምኞቷም አንድ ብቻ ነበር፤ «ዓይኔ ሳይከዳኝ፣ በገዛ ጓሮዬ ያደገች ቢራቢሮ ክንፏን ስትዘረጋ አንዲት ጊዜ ልይ» ትል ነበር።

ይህን ሁሉ ስታደርግ የእያንዳንዱን ነገር ምክንያት ከመስኮቴ ሥር ቆማ አብራርታልኛለች፤ እኔ ግን ዓይኔን ከመጽሐፌ ሳላነሣ፣ ከተጋባን ጀምሮ እንደ ለመድሁት፣ «እሺ፣ እሺ» ስል ኖርሁ። እትዬ፣ «እሺ» ማለት መስማት እንዳልሆነ በሰባ ስድስት ዓመቴ ገና አሁን ተማርሁ።

ጽጌሬዳ በሄደች በሦስተኛው ቀን፣ ጎረቤታችን ራሔል፣ ያቺ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኋት የሲዳማዪቱ ልጅ፣ ሆዷን ለቆረጣት ልጇ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ልትለምን መጣች። ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ፣ «ውይ ጋሼ ሽበሺ! የእኔ ደብተር ላይ አንዲት ነጥብ ስትጎድል ያን ሁሉ ቀይ መስመር ያሰምሩብኝ ነበር፤ ይህን ሁሉ ትል ግን በዝምታ አሳለፉት?» ብላ ሳቀች። ብስቅ ኖሮ ምን ነበር! ነገር ግን የአስተማሪነት ኩራቴ ተነካ፤ ደግሞም ጽጌሬዳ ስትመለስ ጓሮዋን ጸድቶ ብታገኘው ደስ ይላታል ብዬ፣ የሳሙና ውኃ በባልዲ አቅርቤ፣ መነጽሬን ወልውዬ፣ አረንጓዴዎቹን አባጨጓሬዎች አንድ በአንድ ለቀምኋቸው። ስነካቸው ከራሳቸው ላይ ብርቱካንማ ቀንድ የመሰለ ነገር እያወጡ፣ ጠረናቸው እጄን እየሞላው፣ እኔ በመምህር ልማድ ቈጠርኋቸው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ከአጥሩ እንጨት ላይ የተጣበቁትን ሁለት ነገሮችም ደረቅ ቅጠል መስለውኝ በመጥረጊያ አወረድኋቸው። ያን ቀን ምሳዬን የበላሁት እንደ ሥራ ሰው ነበር።

በማግሥቱ ጽጌሬዳ ደወለች። የቀዶ ሕክምናው በሰላም እንደ ተፈጸመ፣ ዓይኗም እንደ ተሸፈነ ከነገረችኝ በኋላ፣ «ከጤና አዳሙ ላይ ያሉት ልጆቼስ? ስመጣ ዐሥራ ዘጠኝ ነበሩ፤ ሌሎች ሁለት ደግሞ ከአጥሩ ላይ ተሰቅለው ክንፍ እያበቀሉ ነው፤ ዝናብ እንዳያወርዳቸው አደራ» አለችኝ። ግማሽ ዕድሜዬን ሕፃናትን «ውሸት አትልመዱ» እያልሁ ያስተማርሁ ሰው፣ «ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ወፍረዋል» አልኋት። ሳቋ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየደወለች ትጠይቀኛለች፤ እኔም ውሸቴን እንደ ከብት እያገድሁ አሳድገዋለሁ፤ ትናንት «ሦስቱ ተሰቅለዋል» ብያታለሁ።

ጥፋቴን ለራሔል በነገርኋት ጊዜ ከእኔ ይልቅ ደነገጠች። «ምላሴ ይቆረጥ፣ እኔ ነኝ ያስጨረስኋቸው» እያለች በባጃጅ አሳፍራ ከከተማው ዳር ቡሹሎ፣ ያው ትል የሎሚ ቅጠልም ይበላልና፣ ከእናቷ የሎሚ ዛፍ ሥር ወሰደችኝ፤ ግን በአጠገቡ ላለው ጎመን መድኃኒት ተረጭቶ ስለ ነበር፣ ቅጠሉ ሁሉ እንደ ተወለወለ ሰሃን ንጹሕ ሆኖ አገኘነው። የሰፈራችንንም ጤና አዳም ከደጅ ወደ ደጅ እየዞርን ለመንን፤ ሰው ሁሉ ንጹሑን ቅጠል እየመረጠ ቆርጦ ሲሰጠን፣ «ትል ያለበትን ነው የምንሻው» ለማለት አፍሬ ራሔል ተናገረችልኝ። አንዲት ባልቴትም፣ «መምህር፣ እንግዲህ ደኅናም አይደሉ» ብላ በኀዘኔታ ከንፈሯን መጠጠችልኝ። የተበላ ቅጠል ግን ከቶ አላገኘንም።

በመመለሻችን የእርስዎ ግቢ ትዝ አለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት እንግዳዎ ሆኜ ሳለሁ፣ ጤና አዳምዎ እስከ ግንዱ ተግጦ አይቼ፣ «እትዬ፣ ምነው ይህን ትል ቢያስለቅሙት» ብዬ ብቆጣ፣ «ተወው፤ እሱም የእግዜር እንግዳ ነው፤ አንተስ ስንት ቀንህ?» ብለው አፌን አስያዙኝ። ያን ጊዜም «እሺ» አልሁ እንጂ አልሰማሁም።

ጽጌሬዳ ጥቅምት ዐሥር ቀን ትመለሳለች። ዓይኗ ምን ያህል ብርሃን ይዞ እንደሚገለጥ ማንም አያውቅም፤ በሚቀጥለው ክረምት አረንጓዴውን እንደምትለይ ሐኪሙም አልማለልንም። የሆነውን ሁሉ ከአጥሩ በር ሳናልፍ፣ ከመኪና እንደ ወረደች፣ በገዛ አፌ እነግራታለሁ፤ ከእኔ በፊት ከሌላ እንዳትሰማው በእርስዎ ዘንድ አደራ ይሁን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለምንዎ ጥፋቴን የምሸፍንበት አይደለም። ያጠፋኋቸውን የሚመልስ የለምና፣ ከኑዛዜዬ በኋላ እጇን ይዤ የምወስዳት ወደ ባዶ ቅጠል እንዳይሆን ብዬ ነው።

ለልጅዎ ለሚኪያስ፣ ለባለቤቱ ለሩት፣ ደብዳቤዬን ጮክ ብላ ለምታነብልዎ ለትንሿ ሩሀማ፣ ከግድግዳ ወዲያ ሆነው ለሚያስሉብዎ ለጎረቤትዎ ለአቶ ከበደም ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ራሔልም ሳታውቅዎ እጅ ትነሣለች።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ የራሔል ባል በላይነህ ነው፤ የጭነት መኪናውን አራግፎ ሰኞ መስከረም ሃያ ስድስት ማለዳ ወደ ሀዋሳ ይመለሳል። ከጤና አዳምዎ ትል ያለበትን አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ሳያራግፉ፣ ሳያጥቡ፣ በተበሳ ካርቶን አድርገው በእጁ ይስጡልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ሽበሺ
ሀዋሳ፤ መስከረም ፳ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.