የፈረሰኞቻችንን እግር የጠበቁልን ሲስተር ስሜነሽ እንየው ዐረፉ

የእንጅባራ የፈረሰኛ ቤተሰቦች መረዳጃ ማኅበር የጤና አማካሪ የነበሩት ሲስተር ስሜነሽ እንየው ባደረባቸው ሕመም ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ዐርፈው በማግስቱ በትውልድ ከተማቸው በዳንግላ ተቀብረዋል። ማኅበራችን እጅግ አዝኗል። መቃብራቸው በእንጅባራ ቢሆን በወደድን ነበር፤ ይህንንም አንደብቅም።

ሲስተር ስሜነሽ በነርስነት ወደ እንጅባራ የመጡት በ2004 ዓ.ም. ነው። እኛ ስኳር በሽታ የምንለው ብዙ ውኃ የሚያስጠማውን ብቻ ነበር። እርሳቸው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ የሚልበት ጊዜ እንዳለ፣ ዐይንን፣ ኩላሊትንና የእግር ጣትን የሚመግቡ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ያን ጊዜ በዝምታ መጎዳት እንደሚጀምሩ አስተማሩን።

በ2008 ዓ.ም. ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ የሚወጡ ፈረሰኞች ቁርስ ሳይቀምሱ ደም እንዲሰጡ፣ ስኳሩና ኢንሱሊኑ አብሮ እንዲታይ፣ ወገባቸውም በሜትር እንዲለካ አደረጉ። ፈረሰኞቻችን እርካብ የሚይዙት በባዶ እግር፣ በአውራ ጣታቸው ነውና የእግሩን ምርመራ ከዚያ ጀመሩ። «አባቴ፣ ወደ ታች ሳያዩ እርካቡን ይያዙልኝ» ይሉ ነበር። ጣቱ እርካቡን ያጣውን በቀጭን የናይለን ክር እየነካኩ ይፈትሹታል።

«የፈረስ ጥርስ ይታያል እንጂ የሰው ጣት ምኑ ይታያል?» ብለው የተሳለቁት ፈረሰኛው አቶ ይኸነው፣ እርካቡን ካጡት የመጀመሪያው ሆኑ። ስኳራቸው ገና በልክ ነበር፤ ኢንሱሊናቸው ግን ከልክ አልፎ ተገኘ። በሲስተር ስሜነሽ ክትትል አመጋገባቸውን ለውጠው፣ ጠላውንም ቀንሰው፣ ዛሬም ኮርቻ ላይ ናቸው።

በ2013 ዓ.ም. ወደ ዳንግላ ተዛወሩ። የእኛ የነበረችው የምርመራ ቅዳሜ የዳንግላ ሆነች፤ ቀናን። ቅሬታችንን ስናቀርብ «ዳንግላም እግር አለ እኮ!» ብለው ሳቁብን። ሆኖም በየወሩ በሚኒባስ እየመጡ መመርመራቸውን አላቋረጡም።

በማኅበራችን ሲስተር ስሜነሽ ከመምጣታቸው በፊት ባሎቻቸውን በእግር ቁስል ያጡ ሴቶች አሉ። ይህን የምንጽፈው እኛም ከእነርሱ ነን፤ ቁስሉን እርካብ የላጠው ነው ብለን ቅቤ ቀብተን አልፈነዋል። ጥር 23 በደረሰ ቁጥር የአቶ ይኸነው ባለቤት ወይዘሮ ማናየሽ ባላቸው ሲጋልቡ ቆመው እልል ይላሉ፤ እኛም አብረን እልል እያልን እንቀናለን። ለሲስተር ስሜነሽ ሥራ ከዚህ ቅናት የበለጠ ምስክር የለንም።

ለቤተሰቦቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለዳንግላ ሕዝብ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን። መቃብራቸው የእናንተ ነው። ምርመራው ግን የእኛም ነውና፣ እርሳቸው ባሠለጠኗት በነርስ ፀጋነሽ በፊታችን ቅዳሜ ማለዳ በልምምዱ ሜዳ ይቀጥላል። ፈረሰኞቻችን፣ ቁርስ ሳትቀምሱ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ ቅረቡ።

እናንተ ባለ ባሎችም፣ «እርካብ ነው የላጠው» ቢሏችሁ አትመኑ፤ ይዛችኋቸው ኑ። እኛም ዕድሜ ልካችንን እንቅናባችሁ።

የእንጅባራ የፈረሰኛ ቤተሰቦች መረዳጃ ማኅበር