ከተሳቢው ኋላ አልነበረም ስለተባለው ሰው

ለተከበሩ አቶ ሹ ሚንሺየን
የሃይዌን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ መፈተኛ ሜዳ ኃላፊ
ካዎሹንግ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በፍጹም ጤና፣ አካላችሁም እንደተፈጠረ ሙሉ ሆኖ እንድታገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ጓን ሊዩን እባላለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በዓሣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ሠርቼ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ በአርባ አራት ዓመቴ የተሳቢ ሾፌር ልሁን ብዬ እርስዎ ሜዳ የመጣሁ ሴት ነኝ። ለአቤቱታዬ በሦስት መስመር መልስ ሰጥተው ስላከበሩኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ማድረስ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሪባኖቹ አመሰግናለሁ። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩት ጭራው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ይህን ነገር አእምሮ እስኪቀበለው ወራት ይፈጃል። በእርስዎ ሜዳ ግን ማንም በዚህ አይደክምም። ከመስመሩ ዳር በቆሙት እንጨቶች ላይ የታሰረው ቀይ ሪባን በስፖኪዮ ሲታይ መሪውን አንድ ዙር ተኩል ማዞር፣ ቢጫው ሲታይ መመለስ ነው። አሠልጣኙን ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «እቴ፣ ጥያቄውን ተይና ሪባኑን እዪ። ሦስት ሺህ ሰው በሪባን አሳልፌያለሁ» አለኝ። ያን ዕለት ቁጥሩ አኮራኝ። አሁን ግን ተሳቢዎች በሚተራመሱበት በወደቡ በር ሳልፍ ቁጥሩ ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ አጎት ቱን በሜዳዎ ስላገኘሁ አመሰግናለሁ። አጎት ቱ ሜዳውን የሚጠርጉት፣ ሪባኖቹንም የሚያስሩት ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድተው ጆሯቸውን ሞተር ወስዶታል፤ ካልጮኹባቸው አይሰሙም። ምሳ ሰዓት ላይ ሩዛቸውን እየበሉ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። «መሪውን ከታችኛው ጠርዙ ያዢ፤ እጅሽ በሄደበት ጭራው ይሄዳል። ስፖኪዮ ያላሳየሽን ደግሞ እግርሽ ይየው። ውረጂ፣ ዞረሽ እዪ፣ ተመለሺ። ሰው የሚገድለው ለመውረድ የሚያፍር ሾፌር ነው።» እርስዎስ አፍረው ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። የምሳ ሣጥናቸውን ከደኑና «አንድ ጊዜ» አሉ። መጥረጊያቸውንም አንሥተው ወደ ሜዳው ሄዱ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ፈተናው ቀን ነው። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ ሪባኖቹን ሲበጥስ ዋለ። ተራዬ ደርሶ ጭራውን ወደ ቀኝ አጥፌ ወደ ማቆሚያው ስገፋ፣ በቀኙ ስፖኪዮ የሚታየኝ የራሴ ተሳቢ ጎን ብቻ ሆነ። ጥቂት ቀደም ብሎ አጎት ቱ በዚያ በኩል ሲገቡ አይቻለሁ፤ ሲወጡ ግን አላየሁም። ቆምኩ። የእጅ ፍሬኑን ስቤ ወረድኩ። ከኋላው ጎማ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቁጢጥ ብለው ቀይ ሪባን ይቋጥራሉ። ትከሻቸውን ስነካቸው ዞረው መጀመሪያ ጎማውን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩ፤ ከንፈራቸው ዐመድ መሰለ። ክንዳቸውን ይዤ ዳር አደረስኳቸው፣ ተመልሼም መስመር ሳልነካ ተሳቢውን አቆምኩ።

በድምፅ ማጉያው የሰማሁት፣ «ቁጥር ሃያ ሰባት በፈተና መካከል ከመኪና ወርዳለች፤ ወድቃለች» የሚል ነው። ፈታኙ ዘንድ ሄጄ «ሰው ነበረ እኮ» ስለው፣ ቀና ሳይል «ቅጹ መስመር ይላል እንጂ ሰው አይልም» አለኝ።

እርስዎም በደብዳቤዎ፣ በፈተና ሰዓት ሰው በሜዳው መገኘቱ በደንቡ ስለማይፈቀድ በቦታው ሰው እንደነበረ ተደርጎ ሊወሰድ እንደማይችል አብራሩልኝ። ለአጎት ቱ ሳነብላቸው «ታዲያ ያዳንሽው ማንን ነው?» ብለው ሳቁ። በሳምንቱ ግን በተከለከለ ቦታ ተገኝተዋል ተብለው ከሥራ ተሰናበቱ። ያልነበረን ሰው ከነበረበት ቦታ ማባረር የቻለ መሥሪያ ቤት በማግኘታችን ልንኮራ ይገባናል።

አሁን ደግሞ ስለ ፋንግ ያውተንግ ልንገርዎ። ፋንግ ዳቦ ጋጋሪ የነበረ ጨዋ ሰው ነው፤ በዚያው ቀን ሙሉ ነጥብ አግኝቶ አለፈ። ወደቡ ላይ በተቀጠረ በሁለተኛው ሳምንት ደወለልኝ። «ታላቅ እህቴ፣ እዚህ ሪባን የለም» አለኝና የሆነውን ነገረኝ። በኮንቴይነሮች መካከል ወደ ኋላ ሲገፋ አንድ ነገር ቋ ብሏል። ወርዶ ሲያይ ከጎማው ሥር የተጣመመ ብስክሌት አገኘ። የብስክሌቱ ባለቤት፣ ኮንቴይነር የምትቆጥር ልጅ፣ በነፋስ የበረረ ወረቀቷን ልታነሣ ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ብላ ኖሯል። አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። «አንቺ መውረድ እንዳለብሽ እንዴት ዐወቅሽ?» ሲል ጠየቀኝ። «አላወቅኩም፤ ስላላየሁ ነው የወረድኩት» አልኩት።

ፋንግ በማግስቱ ወደ ዳቦው ተመለሰ፤ መንጃ ፈቃዱንም በአደራ ደብዳቤ ላከልዎ። መሥሪያ ቤትዎ ግን መንጃ ፈቃድ የሚመለስበት አሠራር እንደሌለ፣ ፋንግም ብቁ ሾፌር ስለመሆኑ ጥርጥር እንደሌለ አረጋግጦ መልሶ ላከለት። ጋጋሪው አሁን ከምድጃው በላይ ሰቅሎታል።

እኔ ለሐሙስ ዳግም ተመዝግቤያለሁ። ማየት ካቃተኝ እወርዳለሁ። እንደገና ይጣሉኝ፤ እንደገና እመዘገባለሁ። ፈታኝዎ ቁጥሬን በማጉያው መጥራት ቢሰለቸው ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የደንብዎን ጥልቀት ለመረዳት ሁልጊዜ ከመኪና መውረድ የሚያስፈልጋት፣ በአክብሮት እጅ የምትነሣዎ፣

ጓን ሊዩን፣ በሁለት ክንድ ርቀት የወደቀች

ማሳሰቢያ፦ በፈተናዬ ቀን በሪባን ያለፉት ሌሎች ዐሥራ አንድ ሾፌሮች ከሰኞ ጀምሮ በወደቡ አራተኛ ማራገፊያ ሥራ ይገባሉ። ሴት ልጅዎም እዚያው በኮንቴይነር ቆጣሪነት መቀጠሯን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። በቦታው መገኘቷ በደንቡ የተፈቀደ መሆኑን አስቀድመው እንዳጣሩ አልጠራጠርም።