ርብቃ ያሳየችን በረሃ

ለምወድህ ልጄ ለአጵሎስ፣

የጌታ ሰላም ካለህበት ድረስ ይምጣልህ፤ ጠባቂ እጁ ከላይህ አይነሳ። እኛ፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን። እዚህ ሆሳዕና ከተማ ዝናቡ በርትቷል፤ የጓሮው እንሰት አምሮበታል። የአባትህም እግር ተሽሎታል።

ባለፈው እሁድ ጎረቤታችን ርብቃ አፋር ሄዳ ያነሳችውን ፎቶ በስልኳ ልታሳየን መጣች። አንተ ወደ ሳዑዲ ስትሄድ በእግርህ ያቋረጥከው በረሃ መሆኑ ሲገባኝ ፊቴን አዞርኩ። ያኔ አርባ ቀን ሙሉ ድምፅህን ሳንሰማ መቆየታችን ትዝ አለኝ። አባትህ ግን መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አየው።

"ነይ፣ ልጃችን ያየውን እኛም እንየው" አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነጩ የጨው ሜዳ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚቀላው አሸዋ፣ ለካስ እንዲህ ያምራል! ከዚያ ወዲህ ርብቃን "ሌላ ፎቶ የለም ወይ?" እያልኩ የማስቸግራት እኔ ነኝ።

ልጄ፣ ውሃ በደንብ ጠጣ፤ ጸሎትህን አትተው። ስለዚያ መንገድ አንድም ቀን ያልጠየቅንህ ፈርተን ነው እንጂ መስማት ጠልተን አይደለም። ልብህ ሲፈቅድ ደውልና ንገረን፤ ሳናቋርጥህ እንሰማሃለን። ጌታ እግርህ በረገጠበት ሁሉ ሞገስ ይስጥህ።

እናትህ ጵርስቅላ