ደወሉ እስከሚሰማበት

ረቡዕ፣ መስከረም ፳፫ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.፣ ሱሉልታ፣ ጧት

ጉልበቴን በቅቤ አሽቼ ተነሣሁ። ብርድ ነው። የት/ቤቱ ደወል ሲመታ ደጄ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ያን ድምፅ ተቀምጬ መስማት አልሆነልኝም። ደወል የምንለው ባሕር ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የጭነት መኪና ቸርኬ ነው።

ሌሎቹ ከገቡ ከብዙ በኋላ ጫልቱ አለፈች። የኦቦ ቶሎሳ ልጅ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አንደኛ ክፍል። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል። ትናንትም አርፍዳለች። ሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ ከሁሉ ቀድማ ነበር የደረሰችው። ያው ልጅ፣ ያው መንገድ። ደብተሬ፣ ይህን ያዝልኝ።

ዓርብ፣ መስከረም ፳፭

ወንዙ ድረስ ወረድኩ። ጫልቱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የሚያስረፍዳት መንገዱ አይደለም፤ ጀርባ ማጣት ነው። አዝሎ የሚያሻግራት ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች። በገበያ ቀን መንገደኛ ሞልቷል። በሌላው ቀን የለም።

ዛሬ አንድ ሣር ሻጭ አሻገራት። በአማርኛ ጠየቅኋት፣ ዝም። በኦሮምኛ ስጠይቃት ተናገረች፦ ረቡዕ ሰው ስታጣ ብቻዋን ገባች። ውሃው ሲወስዳት የዳሩን ሣር ይዛ ወጣች። እንደ ተራ ነገር ነው ያወራችው። አባቷ እንዳይሰማ ግን ለመነችኝ። ከሰማ ያስቀራታል።



ቅዳሜ፣ መስከረም ፳፮

የት/ቤቱ ኮሚቴ ተሰበሰበ። የልጆች መንገድ ይታይ አልኩ። እንደ ልማዱ ሁሉም የየራሱን ልጅነት አወራ፤ ያልተሻገረው ወንዝ፣ ያላመለጠው ጅብ የለም። ባለሱቁ አቶ ሸምሱ ሳቁና፣ ያን ሁሉ የተሻገረ ሰው ዛሬ ሱቃቸው ድረስ በበቅሎ እንደሚመጣ ተናገሩ።

ሐሳቤን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስመዘገብኩ፦ የአንደኛ ክፍል ልጅ ደወሉ ከሚሰማበት አልፎ ከሚገኝ መንደር አይመላለስ። ለማዶዎቹ እዚያው ክፍል እንዲከፈት ማለቴ ነው። ዲሬክተሩ ደስ አለው፣ ጻፈ። ስለ ክፍሉ ይታሰብበታል አለ። ረክቼ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ መስከረም ፳፱

ጫልቱን መለሷት። ከማዶ የሚመጡትን አንደኛ ክፍሎች በሙሉ። በእኔ ቃል።

ዲሬክተሩ ጋ ሄድኩ። ወጣት ነው፤ ክፉ አይደለም። በአንድ አግዳሚ አምስት ልጅ ተጣቧል፣ ቦታ ሲፈልግ የእኔን ቃል አገኘ። በአክብሮት የራሴ ሐሳብ መሆኑን አስታወሰኝ። ዓረፍተ ነገሩን መላልሼ አየሁት። ልጅ የት እንዳይደርስ ይናገራል። ት/ቤት የት ይድረስ፣ አይልም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፩፣ ማታ

ኦቦ ቶሎሳ መጣ። የ«አካም ኦልተኒ» ሰላምታ የለ፣ ተቀመጥ ብለው አይቀመጥ። በሩ ላይ እንደቆመ፦

«መምህር፣ መጀመሪያ እጇ በራሷ ላይ ዞሮ ጆሮዋን ይንካ አላችሁ፤ ነካች፣ ገባች። አሁን ደግሞ ጆሮዋ ደወሉን ይስማ ትላላችሁ። ከዚህች ልጅ ጆሮ ምን ፈልጋችሁ ነው?»

የውሃውን ነገር ነገርኩት። ለልጅቱ የገባሁት ቃል ፈረሰ፤ ግን እንዴት ልደብቀው? ቶሎሳ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። ጧት ጧት ሊያሻግራት አይችልም፤ የባለርስቱ ሣር አጨዳ ጀምሯል፣ ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚወጣ። ማክሰኞ ሰበታ፣ አክስቷ ቤት ይሰዳታል። የአክስቷን ሕፃን ታዝላለች። እዚያ ት/ቤት ደጅ ላይ ነው አለ፤ ልጅ ያዘለች ልጅ ግን ማን ያስገባታል? ሁለታችንም እናውቃለን።

እሑድ፣ ጥቅምት ፬

ከቅዳሴ በኋላ ዲሬክተሩን ይዤ ቆምኩ። አስተማሪ ቢገኝ ለማዶ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይሰጥ እንደሆነ ጠየቅኩ። ይሰጣል፤ ሁለት ዓመት ተምረው ከመጡም ፈትኖ ሦስተኛ ያስገባቸዋል። ግን ወንዝ ተሻግሮ የሚያስተምር ከየት ይመጣል ብሎ ሳቀ። «እኔ» ስለው ሳቁን ተወ።

አቶ ሸምሱ አሮጌ ቸርኬ ሰጡኝ። «ጎማውንም ልጨምርልዎ እንዴ? ያንሳፍፍዎታል።» ዋጋ አልቀበልም አሉ።

ማታ፣ እኔው ማዶ መጥቼ እንደማስተምር ለቶሎሳ ላክሁበት። መልሱ አጭር ነው፦ ማክሰኞ ጧት ማዶ ደወል ከሰማ ልጅቱ አትሄድም። ካልሰማ ትሄዳለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፭

ዛሬ ገበያ ነው፣ ጀርባ አልጠፋም። ቸርኬው በአህያ፣ እኔ በአንድ ጎረምሳ ተሻገርን። ማዶ መንደሩ ውስጥ ያለ ሾላ ላይ አሰቀልኩት። ጫልቱ ከሩቅ አየችኝ፣ አልቀረበችም። ምስጢሯን አውጥቻለሁ፤ እውነቷን ነው።

ሲመልሱኝ ወንዙን አየሁት። አልጎደለም። ነገ የገበያ ቀን አይደለም። በወዲህ በኩልም ድንጋይ አለ፤ ከዚህ በፊት ልብ አላልኩትም። ነገ ሳይነጋ እሱ ላይ ተቀምጬ የሚያሻግረኝ ሰው የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሰው ከጠፋ፣ እንደ ጫልቱ የዳሩን ሣር አምኜ እገባለሁ።