ስለ ሳምሪ ልትነግሪኝ የነበረው

ጥሩዬ፣ የቤቴ እመቤት፤

ያለ አንቺ ሁለተኛውን ፋሲካ አሳለፍን። ከኋላ በር አጠገብ ያበቀልሽው በሶብላ በብርዱ ደረቀ። እኔም ሳምሪ ማታ ማታ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ኮንየርስ ያለውን የመጋዘን ሥራዬን ወደ ቀን ፈረቃ አስቀየርኩ። ግን አብረን ሆነንም ብዙ አናወራም ነበር። እሷ መጽሐፏን ይዛ ሶፋው ላይ ትጠቀለላለች፤ እኔ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጬ ዝም እላለሁ። ድሮ ገበታ ላይ የምታስወሪን አንቺ ነበርሽ። "አንተ ደግሞ አንድ ነገር በላት እንጂ" እያልሽ በክርንሽ ትጎሽሚኝ ነበር። አሁን የሚጎሽመኝ የለም።

አንድ ቅዳሜ ሳምሪ "አባ፣ ዶራቪል ላይብረሪ ራይድ ትሰጠኛለህ? የምወዳት ጸሐፊ ትመጣለች" አለችኝ። አድርሻት መኪና ውስጥ ልጠብቃት ነበር ሐሳቤ፤ ዝናቡ ሲጠነክር ግን ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ጸሐፊዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምጿ ረጋ ያለ ሴት ናት፤ ለወጣቶች ልብ ወለድ ትጽፋለች። ያነበበችልን አብራት የምትማር ሴት ልጅ ስለወደደችና ይህንን ለአባቷ መናገር ስለፈራች ልጃገረድ ነው። መጀመሪያ እንግሊዝኛው ያሳሳተኝ መስሎኝ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ከልጆቹ አንዳንዶቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ሳምሪ እጇን አወጣችና "ልጅቷ ለምን አልነገረችውም?" ብላ ጠየቀች።

ሴትዮዋም "አባቷ ዝም የሚለው ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ መለየት ስላቃታት ነው" አለቻት።

ጥሩዬ፣ ስለ እኔ የተናገረች መሰለኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳላስነሳ "አባ፣ እኔም እንደዛች ልጅ ነኝ" አለችኝ። በአማርኛ ሳልሰድባት የምጠራበት ቃል ፈለግኩ። እየሰማሁ ያደግኩት ሁሉ ስድብ ነው፤ ሌላ አላገኘሁም። ስለዚህ ያለኝን ብቻ ነገርኳት፤ "የእኔ ዝምታ ኀዘን ነው ልጄ። ባንቺ ተቆጥቼ አይደለም።" እያለቀሰች "እማዬ ታውቅ ነበር። ለአባትሽ እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ ብላኝ ነበር" አለችኝ።

ያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝተሽ እጄን ይዘሽ "ስለ ሳምሪ የማጫውትህ ነገር አለ" ያልሽኝ ትዝ አለኝ። ሐኪሙ ገባና ወሬው ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ ለመናገር አቅም አላገኘሽም። እኔ ስለ ኮሌጇ መስሎኝ ነበር። እንዴት አድርገሽ ልትጀምሪልኝ እንደነበር እያሰብኩ እውላለሁ። አንቺ ብትነግሪኝ ኖሮ ምን ያህል ይቀለኝ ነበር! ካንቺ አፍ ሳልሰማው መቅረቴ ያንገበግበኛል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ። ዘመድ ሲሰማ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲያወራ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ግን የዚያችን ሴት መጽሐፍ ጀምሬያለሁ። እንግሊዝኛው ሲከብደኝ ሳምሪ አጠገቤ ተቀምጣ በአማርኛ ታስረዳኛለች፤ አንዳንዴ ቃል ሲጠፋን ሁለታችንም እንቆማለን። አባትየው በመጨረሻ ምን እንዳለ ገና አልደረስኩበትም፤ አስቀድማ እንድትነግረኝም አልጠየቅኳትም።

እኔ በሕይወት እስካለሁ ስምሽ ከዚህ ቤት አይጠፋም። ልጃችን ከሰው ሁሉ በፊት ያመነችው አንቺን እንደነበር፣ አንቺም እንዳላሳፈርሻት፣ አልረሳም።

ያንቺው ታደሰ