በቴሌቪዥኑ የተገዛ ሰላም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ጠዋት፦ ሚስማር አራት ኪሎ፣ ማጠፊያ ስድስት ጥንድ፣ ጓጉንቸር ሁለት። ቀለም አልተነካም። ሰማዩ ሲጠቁር ቀለም የሚገዛ የለም።

ማታ ቤት ስገባ የተለመደው ጦርነት። እትዬና ድንቢጥ። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷታል፣ አሁንም ድንቢጥ ነው የምንላት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት እትዬ፣ ታላቅ እህቴ ናት፤ ስለዚህ በቤቱ የመቆጣት መብት ከእኔ ይልቅ የእሷ ነው።

የጠቡ ምክንያት ያ ድራማ። በክር ላይ ቋጠሮ እየቋጠረች የምትደግም ልጃገረድ። ስትቋጥር ነፋስ ይነሣል፣ ስትፈታ ይቆማል… እኔ ሁለቴ እንኳ አላየሁትም።

"በዚህ ዓይንሽ ጠንቋይ አይተሽ፣ በዚሁ ዓይንሽ መዝሙረ ዳዊት ልታነቢ ነው?"

"አክስትዬ፣ ልቦለድ እኮ ነው። ተዋናይዋ የጫማዋን ክር መፍታትም ላትችል ትችላለች።"

"ሰይጣን 'ልቦለድ ነው' ብሎ የሚመለስልሽ መሰለሽ?"

"ንጉሥ ሳኦል ሄዶ ያማከራት ሴትዮስ? እሷም ጠንቋይ ናት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለች። ገጹን ልቅደደው?"

ሳቄ አመለጠኝ። እትዬ ዞራ አየችኝ። "ሳቅ አንተ! አባት ተብለህ።"

ድንቢጥ ኪኒኗን ዋጠች። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ያ የሚጥል በሽታ ከጣላት ወራት አለፉ። ተመስገን።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ወደቀች።

ሱቅ ነበርኩ። እትዬ ደወለች፣ ቃል ግን አልወጣ አላት። ትንፋሿን ብቻ ሰማሁ፤ በቃኝ። ሱቁን ሳልቆልፍ ወጣሁ። ስደርስ በጎኗ አስተኝታ፣ ነጠላዋን ጠቅልላ ከራሷ ሥር አድርጋለች፣ ልክ እንደተማርነው። ቴሌቪዥኑ አልጠፋም ነበር። ያቺ ባለ ክር ልጃገረድ አሁንም ትደግማለች።

ሐኪሟ ዘንድ ወሰድናት።

"ዶክተር፣ ቴሌቪዥኑ ይሆን?"

"አንዳንድ ሰው ላይ ብልጭታ ይቀሰቅሰዋል። የእርስዎን ልጅ መርምረናታል፣ እሷ ከእነዚያ አይደለችም። ኪሎዋ ጨምሯል፤ መድኃኒቱ አነሳት፣ ይኸው ነው።"

መጠኑን ጨመረችላት። ነገሩ ግልጽ ነው… ለእኔ። እትዬ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስትጮህ አልፈራትም። ዝም ስትል ነው።


ሰኞ፣ ኅዳር 9

እትዬ ሱቅ መጣች። ሱቅ መጥታ አታውቅም። ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ጋዜጣ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው፤ በእጇ ላለመንካት ነው። ቀይ ክር፣ ዳር እስከ ዳር የተቋጠረ።

"ከትራሷ ሥር ነው ያገኘሁት።"

"እትዬ፣ ልጅ ያየችውን ትሠራለች። አምና አስተማሪ ነኝ ብላ ግድግዳውን በጠመኔ አልጨረሰችውም?"

"ጠመኔ ሰው አይጥልም። እያየችው ነው የወደቀችው፤ አጠገቧ ነበርኩ። አንተ ቁልፍ የምትሸጥ ሰው፣ በርህን ከፍተህ ነው የምታድረው?"

 ቀጠለች። ኪኒኑን ለጊዜው እናቁመው፣ የጸሎት እህቶቿ ይምጡ፣ የመንፈስን ነገር ኪኒን አያስወጣውም…

 ግን አልጮህኩም። ገዢ ሲግል ነጋዴ አይግልም። አሰብኩ፦ እሷ ምን ትፈልጋለች? ድራማው እንዲጠፋ። እኔስ? ኪኒኑ እንዲቀጥል።

"ቴሌቪዥኑን ዛሬውኑ ከሳሎን አወጣዋለሁ" አልኳት። "ኪኒኑን ግን ማንም አያቆመውም። አንቺው በእጅሽ ትሰጫታለሽ።"

ክሩን በጋዜጣው መልሳ ጠቀለለችው። "ጸሎቱስ?"

"ጸሎት መቼ ከለከልኩ?"

"እሺ።"

ማታ ቴሌቪዥኑን ወደ ዕቃ ቤት ተሸከምኩ። ድንቢጥ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"አባዬ… አንተም ታምናለህ?"

"በቃ፣ በቃ ነው። ሽቦውን ያዢልኝ፣ እንዳይጠልፈኝ።"

ያዘችልኝ። ርካሽ ገበያ ነው። የማላየውን ሰጠሁ፣ የምፈልገውን ወሰድኩ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ቤቱ ፀጥ ብሏል። እትዬ ኪኒኑን በሰዓቱ ትሰጣለች፣ ውሃውን ይዛ ቆማ። ቃሏን ጠባቂ ናት።

መጋቢው ለቤተ ክርስቲያኑ በር ማጠፊያ ሊገዛ መጣ። ሲመርጥ ነገሩን አነሣሁበት። አንድ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ድራማ ቢያይ ኃጢአት ነው?

"እኔ ቤት አይታይም" አለ።

"ሰይጣን በሽቦ ይገባል ብለው ነው?"

ሳቀ። "አይ። ጸሎት መጠየቅ ነው፣ አስማት ግን ማዘዝ። ልጆቼ ሲቸግራቸው መጠየቁን ትተው ማዘዝ እንዲያምራቸው አልፈልግም። ጎረቤቴ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያያል፣ ሲያበቃ ይከራከሩበታል። እሱን ኃጥእ ብዬ አልጠራውም። ከእኔ የተሻለ ይጸልያል መሰለኝ።"

"እኔ አጥፍቼዋለሁ።"

"ለልጅቱ ምን አልካት?"

"ምንም።"

ቀና ብሎ አየኝ። ሊናገር ሲል ቧንቧ የፈነዳበት ሰው እየሮጠ ገባ፤ ወሬው እዚያው ቀረ።

የመጠየቅና የማዘዙ ነገር ግን ከራሴ አልወጣልኝም። ሚዛን የሚደፋ ነገር ነው። ታዲያ ጠብ ለማብረድ ሳይሆን ልጁን አስቦ የሚከለክል ሰው ምክንያቱን ይናገራል። እኔስ የትኛው ነኝ?


ዓርብ፣ ኅዳር 20

ራት ላይ ድንቢጥ ራሷ ጸለየች። ረጅም። ምግቡ ቀዘቀዘ። ማንም አልቀለደም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 26

የትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ወደቀች። ግንባሯ ተሰነጠቀ። ታክሲ ውስጥ ደግሞ እጄ ላይ እንደገና… አፏ ላይ ደም ነበር፣ ምላሷን ነክሳ። ሹፌሩ መስኮት ከፈተና "አይዞህ አባት፣ አይዞህ" እያለ ነዳ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ሰፏት። ደም ወሰዱ። አስተኟት። እትዬ ወንበር እምቢ ብላ እግሯ ሥር ተንበርክካለች።

መድኃኒቱ ተጨምሮ ለምን?


ዓርብ፣ ኅዳር 27

ዶክተሯ ከክፍሉ አስወጣችኝ። "በደሟ ውስጥ መድኃኒቱ የለም ማለት ይቻላል። ማነው የሚሰጣት?"

ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ኮሪደሩ ላይ እትዬን ያዝኳት።

"ቃልሽን በላሽ! ልጄን ልትገድይብኝ ነበር!"

ሰው ዞሮ አየን። በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "በእጄ… በዚህ እጄ ነው የሰጠኋት። ጠዋትም ማታም። ውሃዋን ይዤ ቆሜ…"

አላመንኳትም። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ወደ ውስጥ ስንገባ ድንቢጥ ነቅታለች። ጩኸቱን ሰምታለች።

"እሷ አይደለችም። ከምላሴ ሥር አደርገውና በኋላ እተፋዋለሁ።"

"ለምን? ልጄ፣ ለምን?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቀስ እያለች ነው የተናገረችው፣ ምላሷ አብጧል። "አንተ አክስትዬ በምትለው ሁሉ ትስቃለህ። በዚህኛው አልሳቅክም። ቴሌቪዥኑን ተሸክመህ ወሰድከው። አንተ እንኳ ከፈራህ… ውስጤ የሆነ ነገር ገብቷል ማለት ነው። እሱን ደግሞ ኪኒን አያስወጣውም፤ ከጸሎት እህቶቿ ጋር ስታወራ እንደዚያ ስትል ሰምቻታለሁ። ኪኒኑን ከዋጥኩ እምነት የለኝም ማለት ነው። እምነት ከሌለኝ አይወጣም።"

እትዬ አፏን በእጇ ያዘች።

ሃያ ዓመት ስነግድ ይህን አውቃለሁ፦ ብዙ የከፈልክበትን ዕቃ፣ ያየህ ሰው ውድ ነው ብሎ ያምናል። ልጄ ከፋዩን አየች። ዋጋውን አመነች። እኔ ደግሞ የገዛሁት ኪኒኑን መስሎኝ ነበር።


እሑድ፣ ኅዳር 29

ወደ ቤት መጣን። ግንባሯ ላይ ፋሻ። አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥኩና እውነቱን ነገርኳት።

"ድራማውን ያጠፋሁት አምኜ አይደለም። ከአክስትሽ ጋር ተገበያይቼ ነው። እሱን ሰጥቼ ኪኒንሽ እንዳይቆም አደረግኩ።"

"እኔን ሳትጠይቁኝ?"

"ሳንጠይቅሽ።"

አሰበች። "ታዲያ አሁንስ? አሁንም ኪኒኑን እንድውጥ ብለህ የምትናገረው ቢሆንስ?"

 በገበያ አንዴ የዋሸ ሰው መሐላው አይሸጥም። ልጄ ይህን ከእኔ ነው የተማረችው።

የመለሰችላት እትዬ ናት። መቼ እንደገባች አላየናትም። አንድ እጇ ላይ የድንቢጥ ኪኒን፣ ሌላው ላይ የራሷ የደም ግፊት።

"ይቺን ስንት ዓመት ዋጥኳት?"

"ብዙ።"

"ከምን በኋላ ነው የምውጣት?"

"ከጸሎትሽ በኋላ።"

"ታዲያ እምነት የለኝም?"

ድንቢጥ ሁለቱን ኪኒኖች አየች።

"ለራሴ ስውጥ ያልጨነቀኝን፣ ላንቺ ስፈራ ጊዜ ጠፋኝ" አለች እትዬ።  "የተናገርኩትን መልሺልኝ። በስሕተት ነው የሰጠሁሽ። ድራማውን ግን አሁንም አልወደውም! እሱን አልቀየርኩም፣ እንዳይመስልሽ።"

ከስንት ቀን በኋላ ትንሽ ፈገግታ። ሁለቱ ጸለዩ። አጭር ነበር። አብረው ዋጡ። ከዚያ ድንቢጥ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አፏን ከፍታ ምላሷን አንሥታ አሳየችን።

ወጣሁ። ጓሮ ቆሜ አለቀስኩ።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

እትዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። "ኮሪደር ሙሉ ሰው እያየ ሰድበህ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ይቅርታ?" አለች። ከዚያ ራት አቀረበችልኝ። ከሌላው ቀን በርከት አድርጋ።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ሱቅ ግማሽ ቀን። ቀለም ሁለት ባልዲ፣ ሚስማር ጥቂት።

ቴሌቪዥኑን መልሼ ሳሎን አስገባሁ። ለድንቢጥ ምክንያቱን ነገርኳት፦ የመጋቢውን ቃልም፣ የጎረቤቱንም፣ እኔ ግራ እንደገባኝም። ማየት ከፈለገች አብሬያት እንደማይ፣ ካልፈለገች እንደማላስገድዳት። እትዬ "እኔ የለሁበትም" ብላ ወጥ ቤት ገባች። በሩን ግን አልዘጋችውም።

ድራማው ጀመረ። ልጃገረዷ ክሯን አወጣች። ጥቂት እንዳየን ድንቢጥ ተነሥታ አጠፋችው።

"ፈራሽ?"

"አይ።"

"ታዲያ?"

"አንተ እኮ ድራማውን አታይም። እኔን ነው የምታየኝ።"

እውነቷን ነው። ከወጥ ቤትም የሳህን ድምፅ ቆሞ ነበር።

"ስወድቅ ለማየት ነው የምትቀመጡት" አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች። አልተቆጣችም። ይህ ነው የከበደኝ።

ማየት ይገባታል፣ አይገባትም… እሱን አሁንም አልቆረጥኩም። የእኔ ዓይን ግን ከእሷ ላይ መነሣት እንዳለበት አውቃለሁ። እንዴት እንደሚነሣ ነው የማላውቀው። ማታ ኪኒኗን ስትውጥ ጋዜጣ ከፈትኩ። አንድ መስመር አላነበብኩም፣ ቀና ግን አላልኩም።

ነገ፦ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መድኃኒት ቤት። የድንቢጥ አልቋል፤ የእትዬም።