ፊት ለፊት ስለተቀመጡት ሁለት ወንበሮች

ለክቡር አቶ አብሳሎም
የ‹‹ማረፊያ›› የተጎዱ ሴቶች ምክር ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና አዲስ ቀለም የተቀባው ቢሮዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ለሟች ባለቤቴም ሆነ ለንስሐ አባቴ ነግሬ የማላውቀውን አንድ ነገር ልንገርዎ። ምሥጢር እንደምትጠብቁ በራችሁ ላይ ስለተጻፈ እዚያው መጥቼ ልነግርዎ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ስመጣ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ግን በአደባባይ ለመናገር ተገድጃለሁ።

የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ሄርማታ በሚገኝ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው እየለየሁ እሠራ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ኩልሱም የምትባል፣ ከጅማ አጠገብ ካለችው ከየቡ የመጣች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ከሰፌዷ ቀና ሳትል፣ የመጋዘኑ ኃላፊ በር ዘግቶ ያደረሰባትን ነገረችኝ። ባለቤቴን ሥራ ያስገባው ያው ሰው ነበርና እጄን እንኳ ሳላቆም ዝም እንድትል መከርኳት። ነገሩ ሲወራ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ከእኛም መካከል የሰማ ሰው እንዳለ ጠየቁ። አልሰማሁም አልኩ። እርቅ ወረደ ተባለና ኩልሱም ለዚያው ሰው ተዳረች።

ባለፈው ታኅሣሥ ይህችው ኩልሱም ቦሳ ኪቶ ያለው ቤቴ ድረስ መጣች። ሰውየው ሞቷል። የመጨረሻ ልጇን ሀያትን ይዛ ነበር። ሀያት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቡና ለቅማ ስትመለስ የሰፈራቸው ጎልማሳ መንገድ ላይ ደፍሯታል። በማዕከልዎ አፋን ኦሮሞ የሚችል አማካሪ ስለሌለ አስተርጓሚ ይዛችሁ ኑ ተብለው ቋንቋውን ወደምችለው ወደ እኔ መጡ። ኩልሱም አልወቀሰችኝም፤ ያቀረብኩላትን ሻይ ግን አልነካችም። ‹‹ያኔ እኔን ሰምተሽኝ ነበር። አሁን እሷን ስሚያት›› አለችኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን፣ ቅጻችሁ በሚያዝዘው መሠረት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሁለቱ ወንበሮች። ሀያትን የተቀበላችሁበት ክፍል ንጹሕ ነው። ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት፣ በጉልበትና በጉልበት መካከል አንድ ክንድ ያህል ቦታ ትታችሁ አስቀምጣችኋል። ልጅቷ ዓይን ዓይን እያየች እንድትናገር በአክብሮት ተጠየቀች። ታላቅን ሰው ዓይን ዓይን ማየት ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ፣ እናቷ እንኳ ሳትጠይቃት የቀረችውን ለማታውቀው ሰው መናገር አቅቷት ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። በመዝገባችሁ ላይ ‹‹ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለችም›› ተብሎ ተጻፈ። ሦስት ቀጠሮ፣ ሦስቱም ጊዜ ያው ዐረፍተ ነገር። ለእጅ ጽሑፉ ጥራት አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ ሰፌዱ። እኛ በመጋዘን የኖርን ሴቶች አንድ ነገር እናውቃለን። እጅ ሥራ ሲይዝ፣ ዓይን ፍሬው ላይ ሲሆን፣ ማንም ማንንም ሳያይ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ አፍ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ስንት ሙሽራ፣ ስንት መበለት እዚያ ተናግራ እንደ ቀለላት ብነግርዎ ስብሰባዎ ይረፍድብዎታል። ይህን አስቤ በአራተኛው ቀጠሮ አንድ ሰፌድ ቡና ይዤ መጣሁ። ጥበቃው ማዕከሉ መጋዘን እንዳልሆነ በትሕትና አስረድቶ ከበር መለሰኝ። ትእዛዙ ከእርስዎ መሆኑንም አልደበቀኝም።

3ኛ. ስለ ናርዲ። አማካሪዎ ናርዲ ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ናት፤ አፋን ኦሮሞ አትችልም፣ ይህንንም አትደብቅም። ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ማንም ሳይልካት ቤቴ መጥታ፣ ከኩልሱምና ከሀያት ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ተቀበለች። ሥራውን ስለማታውቅ ደህና ደህናውን ፍሬ እየለቀመች ስትጥል ሀያት ሳቀች። ከመጣች ጊዜ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ትንሽ ቆይታ ከሰፌዷ ቀና ሳትል መናገር ጀመረች፤ እኔም ዝቅ ባለ ድምፅ አስተረጎምኩ። ምን እንዳለች እዚህ አልጽፍም፤ ቃሉ የእሷ ነው። ናርዲ እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም፤ ከዚያ ፈቃዷን ጠይቃ ጻፈችው፣ አነበበችላት፣ ሀያትም ፈረመች፤ አንድ ቅጂም ለራሷ ያዘች። ማዕከሉ በሦስት ቀጠሮ ያላገኘውን በአንድ ሰፌድ ስላገኘች፣ ‹‹ከሥራ ቦታ ውጭ በመሥራት›› የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በፍጥነት ጽፈውላታል። ናርዲ ያስረከበችዎ የሀያት ቃል ግን እስከ ዛሬ ለፖሊስ አልተላከም። በቢሮዎ ፈጣን የሆነ ነገር መኖሩን በማየቴ ደስ ብሎኛል።

4ኛ. ስለ ባህል። ‹‹ባህልን ያገናዘበ ምክር›› በሚል ርዕስ የሦስት ቀን ሥልጠና በሆቴል እንዳዘጋጁ ሰምቻለሁ። የሥልጠናው ፍሬም ሳይውል ሳያድር ታይቷል፤ ሠራተኞችዎ ዐርብ ዐርብ የባህል ልብስ ይለብሳሉ፣ የሀያት ጉዳይ ደግሞ የአካባቢው ባህል ነው በሚል ለሦስት ሽማግሌዎች ተመርቷል። አንደኛው የደፋሪው አጎት ናቸው። የሚቀመጡት በፊታችን ሐሙስ ነው። ክቡር ሆይ፣ የአገሩ ባህል የትኛው እንደሆነ ከየቡ እናቶች አንዷን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ ልጅን በደፈራት ሰው ፊት አስቀምጦ ማስታረቅ ነው አትልዎም ነበር። እንግዲህ ባለመጠየቅዎ ይህን ከመስማት ተርፈዋል።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሐሙስ በፊት የሀያትን ቃል ከመሳቢያዎ አውጥተው ለፖሊስ ይላኩ፤ የሽማግሌዎቹንም ቀጠሮ ይሰርዙ። ባይመችዎ አልቀየምም። እኔ ራሴ ለልጆቼ እንጀራ ስል አንዲትን ልጅ ዝም አሰኝቻለሁ፤ ለወንበሩ ሲል ዝም የሚያሰኝን ሰው ለመውቀስ አፍ የለኝም። ያለኝ ምስክርነት ብቻ ነው። ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡ፣ የሰማ ሰው አለ ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እኔ እዚያ እገኛለሁ። በየካቲት ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ከሀያት ከሰማሁት ብቻ ሳይሆን ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ከእናቷ ከሰማሁት እጀምራለሁ።

ለሰጡኝ ትዕግሥት፣ ለጥበቃዎ ትሕትና እና ለሁለቱ ወንበሮች ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜና ጤና እመኝልዎታለሁ፤

ሸዋረገጥ
ቦሳ ኪቶ፣ ጅማ

ማሳሰቢያ፦ በእንግዳ መቀበያችሁ ግድግዳ ላይ ሰፌድ የያዘች አንዲት የገጠር ሴት በትልቁ አሥላችኋል። በጣም ታምራለች። ሰፌድ ይዞ በበራችሁ ለመግባት ሥዕል መሆን እንደሚያስፈልግ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ጥበቃውን ባላስቸገርኩት ነበር።

ግልባጭ፦
ለፖሊስ ጣቢያው፣ ከሀያት ቃል ቅጂ ጋር፤ ሀያት ይላክልኝ ብላለች
ለሦስቱ ሽማግሌዎች
ለናርዲ፣ ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ጋር አብራ እንድታስቀምጠው
ለኩልሱም። ማንበብ ስለማትችል እኔው በአፋን ኦሮሞ አነብላታለሁ፤ ሰፌዱን አስቀምጬ፣ እሷ ከፈቀደች ቀና ብዬ እያየኋት።